ስምሽን አስመዘገብኩት

ግሌኒስ፣

ተኝተሽ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ።

ትናንት የእርዳታ ምግብ ልቀበል ጸሎት ቤቱ አዳራሽ ሄጄ ነበር። መዝጋቢዋ ሜርየል እንደ ሁልጊዜው "ብቻሽን ነሽ አይደል፣ የኔ ቆንጆ?" አለችኝ። እስካሁን "አዎ" ስላት የቆየሁት "ስሜን እዚያ እንዳታስገቢ" ስላልሽኝ ነው።

ትናንት ግን "ከግሌኒስ ጋር ሁለት ነን" አልኳት።

"የኛዋ ግሌኒስ? ስንት ክረምት እዚሁ ቆማ ለሰው ድንች ስታድል የኖረችው? እስካሁን ምን ዘጋሽ፣ አንቺ ሞኝ!" ብላ ጮኸችብኝ። ሰው ሁሉ ሰማ። ለዚህ ይቅርታ።

ለማሞቂያና ለቤት ኪራይ የሚረዱበት ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አለ። የኔን ፈርሜያለሁ። ያንቺን አዳራሹ ይዘሽ ሄደሽ ሜርየል ፊት መፈረም አለብሽ፤ የሚቀበሉት ዛሬ እስከ ቀትር ብቻ ነው። ካለፈ እስከ ፀደይ ሌላ የለም፤ አከራዩም እስከዚያ አይጠብቀንም።

የቀረው ጋዝ ለዛሬ ጠዋት ይበቃል። ማሞቂያውን አብሪውና ሞቅ ሲልሽ ልበሺ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ "በልቻለሁ" ስትዪኝ አላመንኩሽም። ግን ዝም ብዬ በላሁ።

ድስቱ ውስጥ ያለው ሾርባ ያንቺ ድርሻ ነው። እኔ በልቻለሁ፤ የእውነት።

ኔስታ