የኦክላንድ ሱቅህን አልዘጋሁትም

ካስዬ፣ የኔ ጌታ፣

ካረፍክ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በልቤ ሳወራህ ነው የከረምኩት፤ ስጽፍልህ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ ካልጻፍኩልህ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ነው። ጠዋት የሱቁን የኪራይ ውል ለአምስት ዓመት አደስኩት። አዎ፣ እኔ። ያቺ "ይኼን ሱቅ ሽጥና እንደ ሰው ሥራ ግባ" እያለች ስትነዘንዝህ የኖረችው ሚስትህ።

የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ከቀብርህ በኋላ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ዝጊው አለኝ። ወንድምህም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም። እኔም ብሆን ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አንተ ከአሜሪካዊው ሽማግሌ ሥር ስምንት ዓመት ተቀጥረህ ሠርተህ፣ ጡረታ ሲወጣ ይኼን የወንዶች ልብስ ሱቅ የገዛህ ሰው ነህ። ባለወርቃማ ቁልፉን ሰማያዊ ብሌዘር ኮት፣ ካኪ ሱሪውን፣ ኮሌታው በቁልፍ የሚያያዘውን ሸሚዝ ዓይንህን ጨፍነህ በእጅህ ታውቃቸዋለህ። እኔ ደግሞ ሳን ሆዜ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ሳጥብና ሳለብስ የኖርኩ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ "ነይና አብረን እንዋል" ስትለኝ፣ "ሰው ሁሉ በባለቆብ ሹራብ ሥራ በሚገባበት አገር ክራባት የሚገዛህ ማነው?" እልህ ነበር። አንድም ቀን አልመጣሁልህም። ይቅር በለኝ።

እናም ሱቁ ሊዘጋ ነው የሚል ማስታወቂያ ለጠፍን፣ እኔና ሜሮን። ልጅህ እንደምታውቃት ናት፤ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ሁለታችንም ከሥራ ፈቃድ ወስደን፣ ያለውን ሸጠን በአንድ ወር ልንገላገል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት አሜሪካዊት ባሏን ደግፋ ገባች። ባልየው ሚስተር ሃሪስ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ስትሮክ መትቶት ግራ እጁ አይታዘዝለትም። የልጅ ልጃቸው ልትመረቅ ነውና ሚስቱ ብሌዘር ልትገዛለት ፈልጋለች። እሱ ደግሞ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ "ሹራቤ ይበቃኛል" ይላል። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ከታመመ ወዲህ ኮት ለብሶ አያውቅም። አንድ ቀን ሌላ ሱቅ ውስጥ ሲሞክር እጁ እጅጌው ውስጥ ተይዞበት፣ ሻጩ ሲጎትት፣ ሰው ሁሉ ቆሞ አየው። ከዚያ በኋላ እምቢ አለ።

ካስዬ፣ እንደሱ ያለ ሰው እኮ እኔ በየጠዋቱ ነው የማለብሰው!

ሜሮንን ሴትዮዋን ክራባት እንድታስመርጣት ላክኋትና እሱን ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። የደከመው እጅ ነው ቀድሞ የሚገባው። እጅጌውን ሰብስቤ እጁን አሳለፍኩ፣ እስከ ትከሻው ሳብኩለት፣ ኮቱን በጀርባው አዞርኩለት፤ ደህናው እጁ ራሱ ገባ።

"በቃ?" አለኝ።

"በቃ" አልኩት።

ደግፌ አስነሳሁትና ወደ መስታወቱ አዞርኩት። የግራ ትከሻው ወደቅ ብሏል፤ የኮቱ ውስጥ ትንሽ ስፖንጅ ቢገባበት ከቀኙ ጋር እንደሚስተካከል አሳየሁት። በደህናው እጁ ኮሌታውን ዳሰሰ። ከዚያ ቀና አለና ጮክ ብሎ፣ "ዶሮቲ፣ ነይ እዪኝ!" አላት።

ሴትዮዋ ክራባቱን በእጇ እንደያዘች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔ ግን ያለቀስኩት በሷ አይደለም። ሜሮን ከኋላዬ መጥታ፣ "እማዬ፣ አባዬ ይኼን ማየት ነበረበት" አለችኝ። በአማርኛ!

ማስታወቂያውን የዚያኑ ቀን ነቀልነው።

ሚስተር ሃሪስ ከምረቃው በኋላ እጁ የሚንቀጠቀጥ ጓደኛውን ይዞ መጣ። ያም ሌላ ላከ። አሁን በከዘራም በዊልቼርም ይመጣሉ፤ ከአቅራቢያችን ከኒውአርክም፣ ከሳን ሆዜም። እኔ መንከባከቢያው ውስጥ የምሠራው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሜሮን ቅዳሜ ቅዳሜ ታግዘኛለች።

የምትቆጣበት ነገርም አለ። አንዳንድ ሸሚዝ ላይ የኮሌታው ቁልፍ ለዓይን ብቻ ነው፤ ከሥሩ ሲጫኑት የሚገጥም ሌላ ቁልፍ አለው። አንዳንዱ ካኪ ሱሪ ደግሞ ከኋላ ላስቲክ ገብቶበታል። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ግን ቀበቶው ይሸፍነዋል። ያንተው ልብስ ሰፊ ነው የሚሠራልኝ፤ እሱም መጀመሪያ "ካሳሁን ቢሰማ" ብሎ አጉረምርሞ ነበር። የፊት ለፊቱን መስኮት ግን አልነካሁም፤ ብሌዘሩም ባለመስመር ክራባቱም አንተ እንደምታሰናዳው ነው። የኮቱ ትከሻ ልክ የማይሆነውን ሰው ባዶ እጁን ስትሸኝ ሞኝ ትመስለኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ እኔም አንዱን እንዲሁ ሸኘሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ጋሽ ታደሰን ታስታውሳቸዋለህ? ዝጊው ካሉኝ አንዱ እሳቸው ናቸው። ለልጃቸው ሠርግ ብሌዘር ፈልገው መጡና ሜትሩን ይዤ ስጠጋቸው፣ "አንቺ ነሽ እንዴ የምትለኪኝ?" ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"ጋሽ ታደሰ፣ እንደ እርስዎ ያሉትን ስንቱን አጥቤያለሁ፤ እጅዎን ያንሱ" አልኳቸው።

አነሱ። በሠርጉ ላይ ለሰው ሁሉ ኮታቸውን እያሳዩ "የአስቴር ሥራ ነው" ሲሉ ብትሰማ!

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከቤት አከራዩ የተላከ ወጣት የውሉን ወረቀት ይዞ መጣ። በእኔ ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ ሲያይ ቆይቶ፣ "ባለቤቱን ማግኘት እችላለሁ?" አለኝ።

"ባለቤቱ እኔ ነኝ" አልኩትና እስክሪብቶዬን አወጣሁ። እዚያው ፈረምኩለት።

ጌታ እስኪያገናኘን እዚህ ነኝ፣ ካስዬ። አልረሳህም፤ ሌላውም እንዲረሳህ አልፈቅድም። ማነው ይኼን ሱቅ ያቆመው ብለው ሲጠይቁኝ ካሳሁን እላቸዋለሁ። አሜሪካኖቹ ስምህን ሲያበላሹት አርማለሁ፤ አስተካክለው እስኪጠሩህም ከመስታወቱ ፊት አልለቃቸውም።

ባለቤትህ፣
አስቴር