አሠልጣኝ የሚለውን ዓምድ ባዶ ስለተውኩበት የክብር ሰሌዳ

ለተከበሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለቅዳሜው የክብር ሰሌዳ ምረቃ ደፋ ቀና ሲሉ መሰንበትዎን ስለሰማሁ ድካሙ እንዳይጎዳዎት እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ነዎት ብለው በትሕትና ስለመለሱኝ ነው። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሳቅዎን ከግቢው ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ስብሰባው ደስ የሚል በመሆኑም ደስ ብሎኛል።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ የመሥሪያ ቤትና የሱቅ ሰሌዳ በብሩሽ የምጽፈው ሴት ነኝ። የትምህርት ቤቱን ምርጥ ስፖርተኞች፣ ቡድኖችና አሠልጣኞች ስም የያዘ ሦስት ገጽ ዝርዝር ሰጥተውኝ፣ ሙሉ ግድግዳ የሚሸፍን የክብር ሰሌዳ እንድጽፍ ስላዘዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰሌዳው ዛሬ ረቡዕ ተጠናቋል ማለት ይቻላል። የቀረው አንድ ዓምድ ብቻ ነው፤ እሱም የቀረው ቀለም አልቆብኝ ሳይሆን እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ምክንያቶቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ በሰሌዳው አናት ላይ የእርስዎ ስም ከነማዕረጉ ከሌሎቹ ሁሉ በእጥፍ በሚበልጥ ፊደል እንዲጻፍ አዘዋል። ጽፌዋለሁ። ያምራልም። ሆኖም አንድ የተረሳ ሰው እንዲጨመር ስጠይቅ ጸሐፊዎ ለተጨማሪ ስም ቦታ የለም ሲሉኝ፣ ማስመሪያዬን አውጥቼ ብለካ የእርስዎ ስም ብቻ የስድስት ሰው ቦታ ይዞ አገኘሁት። በዚህ አጋጣሚ ሰፊ ሰው መሆንዎን ስላወቅኩ ክብር ይሰማኛል።

ሁለተኛ፤ ዝርዝርዎ ላይ ለተከታታይ አሥራ አራት ዓመታት ዘጠኝ ዋንጫ ተመዝግቧል። በገለባ በተሞላ ጆንያ ላይ እየወደቀች ከፍታ ዝላይ የተማረችው ልጅ አለች። መረባቸው በሲባጎ የተጠገነው የመረብ ኳስ ቡድን አለ። የሴቶች ዱላ ቅብብል ቡድንም አለ፤ እዚያ ላይ የገዛ ስሜን በገዛ ብሩሼ ጽፌያለሁ። ታዲያ በእነዚህ ሁሉ ትይዩ፣ አሠልጣኝ በሚለው ዓምድ ሥር፣ አሥራ አራት ጊዜ የተጻፈው «የስፖርት ክፍሉ» የሚል ነው። ክቡር ሆይ፣ አንድ ክፍል በዝናብ ቆሞ ሰዓት እንደሚይዝ አላውቅም ነበር። ክፍሉ ጆንያውን በጀርባው ተሸክሞ መምጣቱን፣ መረቡን ቁጭ ብሎ መስፋቱን፣ ጫማ ለሌላት ልጅ የገዛ ልጁን ጫማ ከቤቱ ማምጣቱን ዛሬ ከእርስዎ ተማርኩ። እኛ ሞኞቹ ይህን ሁሉ ያደረጉት ጋሽ ፊሽካ ይመስሉን ነበር። ስማቸውን ለሚዘነጉ ሰዎች ላስታውስ፤ ፊሽካቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ተማሪው ሁሉ በዚያ ቅጽል የሚጠራቸው አሠልጣኛችን ናቸው።

ሦስተኛውን ሳስበው አሁንም ስለምናደድ፣ ብዕሬ ከአክብሮት መስመር ቢወጣ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዝርዝርዎ ላይ ከአሥራ አራቱ ዓመታት ቀጥሎ አንድ ዓመት ተዘሏል። ያ ዓመት የት እንደገባ የማናውቅ እንዳይመስልዎት። የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ በውድድሩ የፍጻሜ ሳምንት፣ በልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ጋሽ ፊሽካ አዝለው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፤ ነርሷ ልቤን ደጋግማ አዳምጣ፣ ሐኪም ሳያየኝ እንዳልሮጥ በወረቀት ጽፋ ሰጠች። ተጠባባቂያችን እግሯ ተጎድቶ በፋሻ ታስሮ ነበር። የዚያን ጊዜው የስፖርት ክፍል ኃላፊ ወረቀቱን አንብበው አጣጠፉትና፣ እንግዶች ተጠርተዋል፣ ትሩጥ አሉ። ጋሽ ፊሽካ ሲከራከሩ ኃላፊው የመለሱትን እኔ ከቢሮው በር ሥር ተቀምጬ ሰምቻለሁ፦ «አራት መቶ ሜትር የአንድ ደቂቃ ነገር ነው፤ በአንድ ደቂቃ ማንም አይሞትም።»

ጋሽ ፊሽካ ወደ ዳኞች ጠረጴዛ ሄደው ቡድናችን እንደማይወዳደር በራሳቸው ፊርማ አስመዘገቡ። በሦስተኛው ቀን ለትምህርት ቤቱ ክብር ደንታ የሌለው ሠራተኛ ተብለው ከሥራ ተሰናበቱ። ከአራት ወር በኋላ እኔ ደረቴ ተከፍቶ የልቤ በር ተጠገነ፤ ሐኪሙም ያን ቀን ሮጣ ቢሆን መስመሩን በሕይወት አታልፈውም ነበር ብሎ ለእናቴ ነገራት። ኃላፊው በበኩላቸው አድገው ዛሬ ርዕሰ መምህር ሆነዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት።

አራተኛና የመጨረሻው ይህ ነው። ለጋሽ ፊሽካ የጥሪ ካርድ ልከውላቸዋል። ምን አስበው እንደላኩት አላውቅም፤ ምናልባት ወንበር እንዳይጎድል ይሆናል። እሳቸው ግን ስማቸው ሊጻፍ ስለሆነ የተጠሩ መስሏቸዋል። ትናንት እውነቱን ልነግራቸው ቤታቸው ሄጄ ነበር። ኮታቸው ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ጫማቸው ተወልውሏል፣ ሴት ልጃቸውም ካርዱን ደግማ ደጋግማ እንዳነበበችላቸው ነገረችኝ። ሰሌዳውን የምጽፈው እኔ መሆኔን ሲሰሙ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የእኔን ስም እንዳታተልቂው አደራ፤ የልጆቹን እንዳይጋርድ።»

እሺ ጋሼ ብዬ ወጣሁ። እውነቱን አልነገርኳቸውም። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ ይህን ለመጻፍ አላፍርም። ለእሳቸው ዋሽቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን እሺ ያልኩት እውነት የሚሆነውም ውሸት የሚሆነውም በእርስዎ አንድ ቃል ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ «የስፖርት ክፍሉ» የሚለውን አንድም ጊዜ አልጽፍም። እስከ አርብ ቀትር ድረስ ስማቸው ከነአባታቸው በማኅተምዎ ተረጋግጦ ከደረሰኝ፣ አሥራ አራቱንም መስመር ጽፌ፣ የተዘለለውንም ዓመት ጨምሬ፣ ቀለሙ ደርቆ ቅዳሜ ጠዋት ይሰቀላል። ካልሆነም ሰሌዳው ሱቄ በር ላይ ተደግፏል፤ ሰው ልከው ያስወስዱት፤ አሥራ አራት ጊዜ ለመዋሸት እጁ የማይደክም ሌላ ጻፊም አያጡም።

ለሰጡኝ ዕድል፣ ለጸሐፊዎ ትዕግሥት፣ እንዲሁም ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንድ ደቂቃ ላይ ለነበረዎት ጽኑ እምነት ምስጋናዬን እየደገምኩ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

ያልሮጠችው ሦስተኛዋ ዱላ ተቀባይ፣
የሰሌዳ ጻፊ

ማሳሰቢያ፦ ሌላ ጻፊ ካገኙ እኔም ቅዳሜ አልቀርም፤ ጋሽ ፊሽካን ክንዳቸውን ይዤ እመጣለሁ። ዓይናቸው ማንበብ ካቆመ ሁለት ዓመት ስለሆነው፣ ሰሌዳው ሲገለጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነብላቸዋለሁ። አንድ ቃል አልጨምርም፣ አንድ ቃል አልቀንስም። አንብቤ ስጨርስ የእኔስ የቱ ጋ ነው ብለው ከጠየቁኝ፣ እዚያው እንግዶቹ ፊት ማይክሮፎኑን ለእርስዎ አቀብላለሁ።