የእማማ ጥሩነሽ «ገባኝ»

ማክሰኞ፣ ማርች 7፣ 2006። አውሮራ

ይህ «ጌት» የሚሉት የእንግሊዝኛ ግስ ዛሬም አሳረረኝ። ክሊኒክ ለእማማ ጥሩነሽ ሳስተረጉም ዶክተሩ ስንቴ እንዳለው እንጃ፤ እኔም አንዴ «ማግኘት»፣ አንዴ «መያዝ»፣ አንዴ «መሆን» እያልኩ ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ የስኳር መርፌው ነገር ገብቷቸው እንደሆነ ጠየቀ።

«ገባኝ፣ ዕድሜ ይስጥህ» አሉት። እኔም ገብቷቸዋል አልኩት።

ፓርኪንግ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ልጄ፣ መርፌውን መቼ መቼ ነው የምወጋው ያለኝ?»

«ታዲያ ለምን ገባኝ አሉ?»

«እንዲያ ስትለፋ እያየሁህ አልገባኝም ልበል?»

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ እዚያው ብርድ ላይ እንደገና አስረዳኋቸው።

«አሁን ገባኝ፣ ዕድሜ ይስጥህ» አሉኝ።

ዶክተሩንም ያሉት ይህንኑ ነበር።