ለቅሶ የደረሳቸውን ሰው መክሰስ ያቃታቸው አቶ ጋረደው እንየው (1931–1979 ዓ.ም.)

አቶ ጋረደው ከአባታቸው ከአቶ እንየው ቢሻውና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰጋሽ በ1931 ዓ.ም. ጭልጋ ውስጥ ተወለዱ። ሲወለዱ በማልቀስ ፈንታ አዋላጇን ተከራከሩ ይባላል፤ ለዚህ ግን ምስክር አልተገኘም። ለትምህርት ሲደርሱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ጀመሩ። አንድ ጥያቄ ሲጠየቁ ሦስት መልስ ስለሚሰጡ ከመምህራቸው ጋር ተስማምተው ተለያዩ።

በ1956 ዓ.ም. ለሰሊጥ አጨዳ ድንበር ተሻግረው ሱዳን፣ ዶካ ገቡ። አንድ ቀን አጨዳቸውን ያየች ፀሐይ አፍራ ቀድማ ጠለቀች ብለው ያወሩ ነበር፤ አብረዋቸው ያጨዱት ሰዎች ግን ደመና ነበር ይላሉ። በ1960 ዓ.ም. ወ/ሮ አሰፋችን አግብተው ሉሉንና ኢስሃቅን ወለዱ። ዐረብኛን እንደ ውሃ ይጠጡት ስለነበር፣ የአገራችን ሰው ተሰዶ እዚያው ሱዳን ዋድ ሐሊማ ሲሰፍር ለከተማዋ ምክር ቤት ተመረጡ።

ምክር ቤቱ ከየሰፈሩ አንድ አንድ ሰው፣ በጠቅላላው ሃያ አራት አባላት ነበሩት። አዲስ ስደተኛ ማሽላ የሚሰፈርለት የሰፈሩ አባል መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ “የእኔ ነው” ሲልለት ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ሰዉን እየነዳ ሲያመጣው፣ የአውራጃው አስተዳደር “ምክር ቤቱ በዛ” ብሎ አባላቱን ወደ ዘጠኝ አወረደ። የአቶ ጋረደው ወንበር ተረፈች። የአዲሶቹ የድንኳን ሰፈሮች ወንበር ግን ተቆረጠ።

አባላቱ ነገሩን ገዳሪፍ ወዳለው ፍርድ ቤት፣ ወደ መሐከማው ወሰዱት፤ አንደበት አለው ብለውም አቶ ጋረደውን ከሳሽ አደረጓቸው። በመጀመሪያው ቀጠሮ አሳምረው ስለተናገሩ ዳኛው ውሳኔውን ለጊዜው አገዱ። ለፍርድም ሰኞ ተቀጠረ።

በመካከሉ የእናታቸው መርዶ መጣ። ለቅሶው ላይ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የተከሰሱት የአውራጃው ሹም፣ ሙዲር ኸሊል ራሳቸው! ጫማቸውን አውልቀው መሬት ተቀመጡ፤ ፋቲሐ ብለው ለሟቿ ጸለዩ፤ ከንፍሮውም ዘግነው ቀመሱ። ተንኮል አልነበራቸውም፤ በእነሱም አገር ሰው ሲሞትበት ይኬዳል። በእኛ ዘንድ ግን ለቅሶ የደረሰህን ሰው አፈሩ ሳይደርቅ ችሎት ማቆም ነውር ነው።

“እናቴን ያለቀሰልኝን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ እንዴት ልክሰሰው?” አሉ አቶ ጋረደው።

“ቀጠሮ ታስለውጣለህ እንጂ ትቀራለህ እንዴ?” አሉ ወ/ሮ አሰፋች።

“ተይኝ እስቲ፤ በሽማግሌ እንጨርሰዋለን።”

ቀሩ። ሰኞ ዕለት የመሐከማው ጠሪ ስማቸውን ደጋግሞ ጠራ። ከሳሽ ስላልቀረበ መዝገቡ ተዘጋ፤ እግዱም ተነሳ። ሽማግሌ ይዘው ሲሄዱ ሙዲሩ ከልባቸው ተገረሙ። “ያ ጋረደው፣ ውሳኔውን ተቀብለህ መስሎኝ እኮ ነው!” አሉ፤ ውሳኔው ግን ጸንቶ ቀረ።

በዚያው ወር ከወሎ መጥተው አዲሱ ድንኳን ሰፈር ያረፉት ወ/ሮ ዙህራ “የእኔ ናት” የሚላቸው አጥተው መጋዘኑ በር ሲመላለሱ፣ ትንሿ ልጃቸው ራሒማ በጀርባቸው እንደታዘለች ሞተች። አቶ ጋረደው ከቀባሪዎቹ ኋላ ቆመው ነበር፤ ወደ ፊት መቅረብ አልቻሉም።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታቸው ሁሉ ጠፋ። በየማለዳው መጋዘኑ በር ላይ ቆመው የመጣውን ሁሉ “የእኔ ነው” ይሉ ጀመር።

“ይቺም እህትህ ናት?” ይላቸዋል የመጋዘኑ ጠባቂ ከማሉ።

“በአባቴ።”

“ቅድም ያለፈችውም በአባትህ ነበረች።”

“አባቴ መንገደኛ ነበር።”

ከማሉ ሳቁን ውጦ በሩን ይከፍታል። እርሳቸው አይስቁም። አቶ እንየው ከጭልጋ ወጥተው እንደማያውቁ ቤተሰቡ በዚህ አጋጣሚ ያሳውቃል።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት ጉበታቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ከሳምንት አያልፉም አለ። ወ/ሮ ዙህራን አስጠርተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ለመኗቸው።

“ወላሂ አልልም” አሉ ወ/ሮ ዙህራ። “ይቅር ካልኩዎት ነገውኑ ይሞቱብኛል። ይቆዩ።”

ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየጠዋቱ አጥሚት ይዘው መጡ።

“ዛሬስ፣ ዙህራ?”

“ዛሬም አልልም። ይጠጡ።”

እንዲህ እያሉ ክረምቱን ተሻገሩ። ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕመሙ ጸንቶ መጠየቅም አቃታቸው። ወ/ሮ ዙህራ ጎንበስ ብለው በጆሯቸው፣ “ጋሼ፣ በእኔም በራሒማም ስም ይቅር ብዬዎታለሁ። በቃ፣ ይረፉ” አሏቸው። አቶ ጋረደው በተወለዱ በ48 ዓመታቸው በዚያው ሰዓት ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወ/ሮ አሰፋችንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ለቤተሰቡና ለዋድ ሐሊማ ሕዝብ መጽናናትን ይስጥልን። ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ወ/ሮ ዙህራ የተናገሩትን ሰምተውት ከሆነ ደግ፤ ሳይሰሙት ሄደው ከሆነም እግዚአብሔር ራሱ ደግሞ ይንገራቸው።