እባክዎ ያረጋግጡልን

መስከረም 14፣ ማክሰኞ

ዛሬም ያው። አሳንሰሩ ተበላሽቶ አራተኛ ፎቅ በእግር። ሻይ። ከዚያ የአንባቢ ደብዳቤ መክፈትና መለየት፦ የተባይ፣ የበሽታ፣ የምስጋና፣ የስድብ። ጋሼ እንደ ማክሰኞ ልማዳቸው ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ገብተው የተባዩንና የበሽታውን ይዘው ተቀመጡ። "አባ መኮትኮቻ" በሚል የብዕር ስም የአንባቢ ጥያቄ መመለስ ከጀመሩ ሃያ ምናምን ዓመት ሆናቸው። ስድቡን ለእኔ ይተዉልኛል። "አዘጋጇ አንቺ ነሽ፣ የድርሻሽን ውሰጂ" ይሉኛል።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። የጓሮ አትክልት መጽሔታችን "ጓሯችን" በወረቀት ሲታተም የጥቅምቱ እትም የመጨረሻው ነው። ወረቀት ተወደደ፣ ፖስታ ተወደደ። ከዚያ ወዲያ በኢሜይል። ፈላጊው ዌብሳይታችን ላይ ይመዝገብ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ሺህ ሰው ከተመዘገበ እንቀጥላለን።

"ካልተመዘገበስ?"

"ያው ታውቂዋለሽ።"

አውቀዋለሁ። ማስታወቂያ ክፍሎች ቢሯችንን ከተመኙት ቆዩ። መስኮቱ ሰፊ ነው።

አንባቢዎቻችን እኮ ጡረተኞች ናቸው... ደብዳቤ በእጅ ጽፈው፣ የታመመ ቅጠል በፖስታ ውስጥ አሽገው የሚልኩ ሰዎች። ለጋሼስ ማን ይንገራቸው?

መስከረም 17

በስልክ ነገርኳቸው። ፊት ለፊት አልቻልኩም። 

"እና ሰውየው ቲማቲሙ ሲጠወልግ ማንን ይጠይቅ?"

"እርስዎን ነዋ። በኢሜይል። ወዲያው ይደርስዎታል።"

"ወዲያው ከደረሰማ ሳስብ የት አገኛለሁ?"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

መስከረም 21

ዌብሳይታችንን የሚሠራው ባለሙያ መጣ። "ቀላል ነው" ነው የምንለው። ምንም ቢጠየቅ "ቀላል ነው" ይላል። ኮምፒውተሩ ቢቃጠልም የሚል ይመስለኛል።

አንዲት ሳጥን ለኢሜይል፣ አንድ ቁልፍ፣ በቃ አለ። ጋሼ ግን ሙሉ ስም ከነማዕረጉ፣ የጓሮው ስፋት፣ የተተከለው ነገር ሁሉ ይጠየቅልኝ አሉ።

"ጋሼ፣ ጥያቄ በበዛ ቁጥር ሰው ይሸሻል።"

"የሚሸሽ ሰው ጎመን አይተክልም።"

በስምና በኢሜይል ተስማማን። ቁልፉ ላይ "ይመዝገቡ" ሊል ነበር፤ ጋሼ "ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ?" ብለው "ይላክልኝ" ተባለ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰው ሲመዘገብ መጀመሪያ "እውነት እርስዎ ነዎት?" የሚል መልእክት ይላክለታል። መልእክቱ ላይ ያለውን ሊንክ ሲጫን ብቻ ነው የሚቆጠርልን። ሌላ ሰው በስሙ እንዳያስመዘግበው ነው ይላል። መልእክቱን እኔ ልጽፈው ወሰድኩ።

"አጭር ይሁን ታዲያ" አለኝ ሲወጣ።

መስከረም 28

አጭር አልሆነም። እሱ ለናሙና የሰጠኝ "ለማረጋገጥ እዚህ ይጫኑ" ይላል። በቃ! ጤና ይስጥልን የለ፣ ምን የለ። ዕድሜ ልካቸውን ላነበቡን ሰዎች? እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ክቡር አንባቢያችን፣ ጤና ይስጥልን። በጓሮዎም በቤትዎም ሰላም እንደሆኑ ተስፋችን ነው። መጽሔትዎን ከእንግዲህ በኢሜይል ልንልክልዎ አስበናል። ፈቃድዎ መሆኑን እባክዎ ያረጋግጡልን። አክባሪዎ፣ ጓሯችን።"

ሊንኩ ከታች፣ በሰማያዊ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡና "ይሄ ነው ደብዳቤ" አሉ። ልጅ ይመስል ደስ አለኝ።

ጥቅምት 2

የመጨረሻው የታተመ እትም ወጣ። ቀለሙ ገና ይሸታል። አንድ ሙሉ ገጽ ስለ ምዝገባው፤ ጥያቄም ከእንግዲህ በፖስታ ሳይሆን በኢሜይል ነው ይላል። ራሴን መዘገብኩ፣ እህቴንም መዘገብኩ። "እኔ እኮ ቃሪያና ቆስጣ አልለይም" አለችኝ። ሊንኩን ግን ተጫነች። ሁለት ሆንን።

ጥቅምት 11

ወፍ የለም።

ጥቅምት 19

የምዝገባው ገጽ ሁለት ቁጥር ያሳየኛል። "የተረጋገጡ" የሚለው ሠላሳ ምናምን። "በመጠባበቅ ላይ" የሚለው ሁለት መቶ አልፏል። "ቀላል ነው" ጋ ደወልኩ።

"መልእክቱ ደርሷቸዋል፤ ሊንኩን ግን አልተጫኑም" አለኝ።

"ለምን?"

"ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናል። የተለመደ ነው።"

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሁለት መቶ ሰው በራችንን አንኳኩቶ ስንከፍትለት የሚሄደው ምን ሆኖ ነው? ምን አጠፋን?

ጥቅምት 26

የጋሼ ጠረጴዛ ላይ የማስታወቂያ ክፍል ማተሚያ ማሽን ተቀምጧል። ለጊዜው ነው አሉ። ጋሼ የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን ዛሬ አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ሲያወልቁት አይቼ አላውቅም።

"ጥያቄ መጣ?"

"አልመጣም ጋሼ።"

"አንድም?"

"አንድም።"

ማሽኑ ሲጮህ ቆየ። አንጀቴን በሉት።

ኅዳር 3

የመጀመሪያውን የኢሜይል እትም ላክን። ለአርባ ለማይሞላ ሰው። ጋሼ ጥያቄ ስላልነበራቸው ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መለሱ። ጥያቄው ስለ ካሮት። እንዳቀበሉኝ፦

"ሁለተኛ እንዲህ አላደርግም። ጠያቂ ከሌለ ለማን ነው የማወራው?"

ምን ልበላቸው? ይመጣል አልኩ። እኔም አላመንኩት።

ኅዳር 10

ጋሼ አልመጡም።

ኅዳር 17

አልመጡም። ስልክም አያነሱም።

ኅዳር 18

ልጃቸው አነሳችው። አልታመሙም። "ጓሮ እንኳ መውጣት ትቷል። እኔ ነኝ ውሃ የማጠጣው፣ እሱ መስኮት ላይ ቆሞ 'አበዛሽው' ይለኛል" አለች። ሰው በዚህ ዕድሜው ሥራ ሲፈታ... እህቴ "አንቺስ ምን አደረግሽ? የወረቀቱን አንቺ አልዘጋሽውም" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን በሩን ያበጀሁት እኔ ነኝ፤ የሚገባ ሰው የለም።

ታኅሣሥ 9



ጠዋት ስልክ ጮኸ። አንዲት ጡረተኛ ነርስ፣ የዱሮ አንባቢ። ተቆጥተዋል።

"ምነው ልጄ ብትመልሱልኝ? ሁለት ጊዜ ጻፍኩ እኮ!"

"የት ነው የጻፉልን?"

"በላካችሁልኝ ኢሜይል ላይ ነዋ። አረጋግጡልን አላችሁ፣ አረጋገጥኩ።"

"ታች ያለውን ሰማያዊ ጽሑፍ ተጭነዋል?"

"የምን ሰማያዊ? ፈቃድዎ ነው ወይ ስትሉኝ አዎ ፈቃዴ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ይጻፋል?"

 "ቀላል ነው" ጋ ደወልኩ። ለማረጋገጫው መልእክት ሰው ቢመልስ መልሱ የት ይሄዳል አልኩት።

"የትም። ማንም የማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ለነገሩ ለዚያ ማን ይመልሳል?"

"መክፈት ይቻላል?"

"ቀላል ነው።"

ከፈተው። ከሦስት መቶ በላይ ደብዳቤ... "አረጋግጣለሁ፤ ባለቤቴም ታረጋግጣለች፤ አጠገቤ ናት።" አንዱ መታወቂያውን ፎቶ አንስቶ አያይዟል። አንዱ ደግሞ እውነተኛነቱን እንዲመሰክሩለት ሁለት ጎረቤቶቹን አስፈርሟል! ሳቅኩ። ከዚያ አላቆም አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅ መሆኑ ቀረ። ግማሾቹ ከማረጋገጫው ቀጥለው "ለአባ መኮትኮቻ ይድረስ" እያሉ ጠይቀዋል። ስለ ቃሪያ፣ ስለ ጉንዳን፣ ስለ ሎሚ። አንዷ "አባ መኮትኮቻ አመማቸው እንዴ? ድምፃቸው ጠፋብን" ትላለች።

እኔ እኮ ነኝ ጋሼን አንድም አልመጣም ስላቸው የከረምኩት።

ተጫኑ በሚባልበት ቦታ ለመንኩ። ሰው ሲለመን በቃሉ ነው የሚመልሰው። ይህን እንዴት አጣሁት? እኔስ ብሆን የምመልሰው እንደዚያው አይደል?

ታኅሣሥ 10

ደብዳቤዎቹን አትሜ ሥራ አስኪያጁ ፊት ከመርኳቸው። ከላይ ያለውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

"እኔ ያልኩት ተመዝጋቢ ነው።"

"እነዚህ ምንድን ናቸው ታዲያ?"

"ደብዳቤ።"

በእጅ እናስገባቸው ብዬ "ቀላል ነው"ን ለመንኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ "ከባድ ነው" አለ። ኢሜይሉን የሚልክልን ድርጅት ሊንኩን ያልተጫነ ሰው አይቀበልም። ያለው መንገድ ለሁሉም እንደገና መላክ ነው። በአጭሩ፣ በእሱ አጻጻፍ። እሺ አልኩ። "ለማረጋገጥ እዚህ ይጫኑ።" ላክነው። ጤና ይስጥልን እንኳ የለውም።

ታኅሣሥ 14

ጥቂቶች ተጫኑ። የቀሩት እንደገና ጻፉ፦

"አንዴ አረጋግጫለሁ። ቃሌን ተጠራጠራችሁት?"

"ስንት ዓመት ያነበብኳችሁ ሰዎች እንደ አሽከር ታዙኛላችሁ?"

"ጓሯችን እንዲህ አይጽፍም። ሌቦች ናችሁ። ለልጄ ነግሬያለሁ፣ ይዘጋችኋል።"

የዘጉን አንድ ሁለት አይደሉም። ብዙዎች አጭበርባሪ ብለው ስለጠቆሙን አሁን የምንልከው ሁሉ ስፓም፣ የቆሻሻ መልእክት ሳጥን ውስጥ ይገባል ይላል "ቀላል ነው"። ተጭነው ለነበሩትም ጭምር! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ክፉኛ ደክሞኛል። ምሳ አልበላሁም፣ አልራበኝምም።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ለአባ መኮትኮቻ የመጡትን ጥያቄዎች ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ከስተዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሊንኩን፣ ሳጥኑን፣ ሌቦች መባላችንን። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በተቆጡኝ። አንዱን ወረቀት አንስተው ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

"ይሄ የመቼ ነው?"

"የጥቅምት።"

"ቃሪያው ሞቷል።" ሌላ አነሱ። "ይሄኛውም ሞቷል።"

"ቢሆንም ይመልሱላቸው ጋሼ። ለሚመጣው ጊዜ።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ሊያስቀይሙኝ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ከዚያ ስንት ሰው እንደጎደለን ጠየቁኝ። ብዙ አልኩ። ልጃቸው ሻይ ቀዳችልን። ስለ ቤት ኪራይ ስለ ምኑ አወራን። ስወጣ ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ነበሩ።

ታኅሣሥ 30

አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። "ቁጥር ቁጥር ነው" አለ። እኔን ወደ ማስታወቂያ ክፍል አዛውሮኛል። እዚያው ቢሮ፣ እዚያው መስኮት።

ለጋሼ መንገር አለብኝ። ነገ።

ጥር 3

ደወልኩ፤ አልነገርኳቸውም። "ሰላም ነዎት?" ብዬ ዘጋሁት። እህቴ "አፍሽን ማን ለጎመው?" አለችኝ።

ጥር 6

"ቀላል ነው" የምዝገባውን ሳጥን ከዌብሳይቱ ሊያነሳው ዛሬ መጣ። ሳያጠፋው በፊት አንዴ ልየው አልኩት። አንድ አዲስ ሰው። ትናንት ነው የተመዘገበው። ስሙን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ፣ ለምን እንደቆምኩ አላውቅም።

ጋሼ ናቸው። "በመጠባበቅ ላይ" ይላል።

የማይከፈተውን ሳጥን ከፈትን። ጽፈዋል፦

"ለጓሯችን አዘጋጅ። ጤና ይስጥልኝ። መጽሔቱ እንዲላክልኝ ፈቃዴ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ሰው ጎደለ ስላልሽኝ አንድ ልጨምር ብዬ ነው። ኢሜይሉን ልጄ አወጣችልኝ፤ ጽሑፉን ግን ፊደል በፊደል ራሴ ጻፍኩት። ሎሚ ስለጠየቁት ሴትዮ መልስ አዘጋጅቻለሁ፤ ለየካቲት ይድረስልኝ። አክባሪሽ።"

ደወልኩላቸው። በመጀመሪያው ጥሪ አነሱት።

"ደረሰሽ?"

"ደርሶኛል ጋሼ።"

"ታዲያ አሁን እኔም ተቆጠርኩ?"

"ቀላል ነው" እጁን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ያየኛል። ላጥፋው? በሚል አገጩን ቀና አደረገ። አጥፋው አልኩት በዓይኔ፣ ወይም እንዲያ መሰለው... ተጫነው። ገጹ ላይ የነበረችው ሳጥን ጠፋች፣ ቦታዋ ነጭ ሆነ።

"ሄሎ? የየካቲቱ መቼ ነው የሚደርሰኝ?"

ክቡር ጋሼ፣ በቅድሚያ... እያልኩ ስንት ነገር አፌ ላይ መጣ። የሥራ አስኪያጁን ሐዘን፣ የወረቀቱን መወደድ፣ የአንባቢውን ፍቅር። ሁሉንም ዋጥኩት።

"አይደርስዎትም ጋሼ። ተዘግቷል።"

ሌላ ምንም አልጨመርኩም።