የጠበቀችው «ገና»

ቅዳሜ፣ የካቲት 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ብቸና

ዛሬ በተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድናችን ውስጥ በደረጀ ቦታ ስተውን የመጀመሪያዬ ነበር። እሱ ሥራ አግኝቶ ባሕር ዳር ገባ፤ እኔ ተመርቄ ቤት የተቀመጥኩት ሚናውን ወረስኩ። መድረክ ላይ ብቅ ስል ከኋላ አንዱ «የኛው ደረጀስ?» ብሎ ጮኸ።

እናቴን ሆና የምትጫወተው እያለቀሰች «አባትህ አሁንም አልመጣም?» ስትለኝ መልሴ «ገና ነው» ነበር። ደንግጬ «ና»ን አጠበቅኳት፤ የልደት በዓል ሆና ወጣች።

«እንግዲያ ዶሮ ግዙዋ!» አለ ያው ጯሂ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አለቀልኝ ስል ከፊት የተቀመጡት የቅኔ መምህር ብድግ ብለው «ይበል! ይበል!» አሉ። አባትዬው ለበዓል እንደሚመጣ በኅብር፣ በአንድ ቃል ሁለት ፍቺ፣ የተናገርኩ መስሏቸዋል። ያን ጊዜ ሰዉም አጨበጨበ።

አዘጋጃችን ጋሽ ታዬ ከመጋረጃው ኋላ አቀፉኝ። «አንተ ልጅ፣ ቅኔም ታውቃለህ ለካ! ነገ ሞጣም እንደዚሁ በላት። ሞጣ ከወደደህ ሚናው ያንተ ነው።» ስቼ ነው በማለት ፈንታ «እሺ ጋሼ» አልኩ።

ቤት ከገባሁ ጀምሮ የጠበቀችዋን «ገና» እየሞከርኳት ነው። ሳላስብ ያልኳት ቃል አስቤ ስላት አዋጅ ትመስላለች። ነገ ሳቁ ብቻ ቢመጣና ብድግ የሚልልኝ ባይኖርስ...