እንትኑን ቁረጠው

ግንቦት 19
ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። ከሥራ ስወጣ እናቴ ጋ ደወልኩ። እንትኑ ፍሬ ይዟል አለች። እንትን ማለት እኛ ቤት የጓሮው ዛፍ ነው። አባቴ ከየት እንዳመጣው እንጃ... ፍሬው አንገቱ ቀጠን፣ ቂጡ ሰፋ ያለ ነው። ጎረቤት አንዴ "ስሙ ፒር ነው" ቢለው፣ "ፒር? ወፍ ነው እንዴ?" ብሎ እንትን እንዳለው ቀረ። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ዛፉ ግን አለ። ለእኔ አባቴ ማለት እሱ ነው።

ግንቦት 24
ተቆረጠ።

ግንቦት 25
ታላቅ ወንድሜ ነው ያስቆረጠው! የልብስ ማስጫው እንጨት በስብሶ ሊወድቅ ሆነ። እንጨት ቆራጩን በስልክ "ጓሮ ያለውን እንትን ቁረጠው፣ እናቴ ታሳይሃለች" ይለዋል። ማስጫ የምትባል ቃል ጠፋችበት! ሰውዬው መጥቶ "እንትኑ የቱ ነው?" አላት። አሳየችው። ምን ታድርግ? እኛ ቤት እንትን አንድ ነው።

ማስጫው እንደቆመ አለ።

ግንቦት 27
ወንድሜ ደወለ። "የበሰበሰውን ብዬው ነበር እኮ" አለኝ። ውሸታም። "ደግሞስ ለእንጨት ነው እንዲህ የምትሆኚው?"... ለእንጨት! ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ዛሬ ለአንድ ኮት ሁለት ግራ እጅጌ ቆረጥኩ። አሠሪዬ "ሁለት ግራ እጅ ያለው ደንበኛ መጣልን እንዴ?" አለች። አልሳቅኩም።

ሰኔ 3
እናቴ ቤት ዋልኩ። ጉቶው እንኳ የለም፣ ጉድጓዱ በአፈር ተደፍኗል። እሷ አንሶላ ታሰጣለች። ወንድሜን መራገም ጀመርኩ።

"ልጄን ተይው" አለች።

"አንቺንም እኮ ነው ያሳሳተሽ።"

"ማን ተሳሳተ? ሰውዬው የበሰበሰውን ነው የተባልኩት ብሎኛል። ማስጫውን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።"

ምን?... እሷ እንደሆነ አንሶላውን እየዘረጋች ነው።

"ሠላሳ ዓመት ወገቤ እስኪቆረጥ ውሃ አመላለስኩለት። አባትሽ ከሥራ ሲገባ ዛፉ ጠጣ ወይ ይላል። ታሞ ተኝቶም ዛፉ ጠጣ ወይ። አንቺ በልተሻል ወይ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ። ከነሥሩ ንቀለው አልኩት ሰውዬውን።" የልብስ መቆንጠጫ አንሶላው ላይ ሰካች። "አንቺስ ስትደውዪ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለምንድነው?"

አንሶላውን በሌላው ጫፍ ያዝኩላት።

ሰኔ 4
ወንድሜ ጋ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። የእናቴን ነገር ግን አልነገርኩትም፣ ከፈለገች እሷ ትንገረው።

"ንዴቱ በረደልሽ?" አለኝ።

"አልበረደም።"

"አሁንም በእኔ ነው?"

"ባንተ አይደለም።"

"በማን ነው ታዲያ?"

ደህና እደር ብዬው ስልኩን ዘጋሁት። እዚህ ማንም ስለማያየው ልጻፈው... በአባቴ።